በጦርነት ምክንያት ድርጅትን ወደ ባሕር ዳር ማዛወር፦ የክልሉን መንግሥት ድጋፍ ለሚጠይቁ ዝርዝር መመሪያ

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም ሆነ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት በርካታ ነጋዴዎችንና አምራቾችን ሥራ ተክለው ከኖሩበት ከተማ አንስቷል። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ወልድያ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ሲያልፉ መጋዘናቸው የተዘረፈባቸውና ማሽናቸው የተነቀለባቸው ባለ ድርጅቶች ብዙ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም መንገድ በተዘጋና ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር የተረፈውን ንብረት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር መምጣት እንደ አንድ አማራጭ ሲታይ ቆይቷል። ባሕር ዳር ራሷ ከግጭቱ ጫና ውጭ ባትሆንም የክልሉ ቢሮዎች፣ የባንኮች ዲስትሪክት ጽሕፈት ቤቶችና ሰፊ ገበያ በአንድ ቦታ የሚገኙባት ከተማ ናት። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ድርጅቱን ወደዚህች ከተማ ወይም በጣና ዙሪያ ወዳሉ ከተሞች ለማዛወር ላሰበ ወይም መጥቶ ከቢሮ ቢሮ ለሚመላለስ ባለ ድርጅት ነው።

ከዝርዝሩ በፊት መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። በጦርነት የተፈናቀለ ባለ ድርጅት ባሕር ዳር ሲደርስ ሁለት ወረፋ ይጠብቀዋል። አንደኛው የሰብዓዊ እርዳታ ወረፋ ሲሆን በአደጋ መከላከል መዋቅር በኩል እህል፣ መጠለያና አልባሳት የሚገኝበት ነው። ሁለተኛው የመሥሪያ ቦታ፣ የብድር፣ የግብር ጊዜ ማራዘሚያና የፈቃድ ጉዳይ የሚታይበት ሲሆን፣ በኢንዱስትሪና ኢንቨስትመንት፣ በንግድና ገበያ ልማት፣ በሥራና ሥልጠና እንዲሁም በገቢዎች መሥሪያ ቤቶች ተከፋፍሎ ይገኛል። በመጀመሪያው ወረፋ መሰለፍ ነውር የለውም፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ሆኖም በዚያ ብቻ የቀረ ሰው ድጋፍ የሚያገኘው እንደ ተፈናቃይ እንጂ እንደ ድርጅት ባለቤት ስላልሆነ የድርጅቱ ፋይል ሳይከፈት ይቀራል። በሁለተኛው ወረፋ የሚሰማው ደግሞ የደረሰበትን መከራ አሳምሮ የሚናገር ሳይሆን ድርጅቱ እንደነበረ፣ ምን እንዳመረተና ምን ያህል ግብር እንደከፈለ በወረቀት የሚያሳይ ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ አብዛኛው የድርጅቱን ታሪክ ሳይቆረጥ ከነበረበት ወደ ባሕር ዳር የማሻገር ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመነሳት በፊት ሰነድና ንብረት መመዝገብ

ጊዜ ካለ ከሁሉ አስቀድሞ መሰብሰብ ያለባቸው የንግድ ምዝገባ የምስክር ወረቀት፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የምስክር ወረቀት፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ካለ እርሱም፣ ያለፉት ዓመታት የግብር ደረሰኞችና የሒሳብ መግለጫዎች፣ የብድር ውል፣ የማሽን ግዢ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን (ዕቃው በጉምሩክ በኩል ሲገባ የተሞላው ሰነድ)፣ የሠራተኞች የቅጥር ውልና የጡረታ መዋጮ የተከፈለባቸው ደረሰኞች ናቸው። ማኅበር ከሆነ የመመሥረቻ ጽሑፉና የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎቹ ይጨመራሉ። ሁሉም በስልክ ፎቶ ተነሥተው ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ይላኩ፤ ወረቀቱ ግን በእጅ ይያዝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ የሚያስታውስ ሰው በስልክና በኢሜይል ብቻ ተማምኖ መንገድ አይጀምርም።

ብዙ ሰው የሚዘለው የንብረት ምዝገባውን ነው። «አራት ማሽንና ልዩ ልዩ ዕቃ» ተብሎ የተጻፈ ዝርዝር በባንክም፣ በመድንም፣ በግብር ጽሕፈት ቤትም ዘንድ ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ መስመር ዕቃውን ለማያውቅ ሰው እንዲለይ ሆኖ መጻፍ አለበት፦ የዕቃው ዓይነትና ሞዴል፣ በማሽኑ ገላ ላይ በተለጠፈው ሳህን ላይ ያለው መለያ ቁጥር፣ የሞተሩ ኪሎ ዋት፣ የተገዛበት ዓመትና ዋጋ፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ እንዲሁም ተጭኖ ይሄድ ወይም እዚያው ይቀር እንደሆነ። ሳህኑ ራሱ ቁጥሩ እንዲነበብ ሆኖ በቅርብ ፎቶ ይነሣ። ዝርዝሩ ላይ ከባለቤቱ ሌላ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ከሆነ ማኅተም ይደረግበት። ኪሎ ዋቱን መጻፍ ለምን እንዳስፈለገ ስለ መሥሪያ ቦታ በሚናገረው ክፍል ይገለጣል።

ንብረቱ አስቀድሞ ተዘርፎ ወይም ተቃጥሎ ከሆነ ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ከሒሳብ መዝገብና ከግዢ ደረሰኝ ተነሥቶ ነው። በአካባቢው ፖሊስ ካለ የቃል መቀበያና የማስረጃ ደብዳቤ ይጠየቅ፤ ከሌለም ከወረዳው ወይም ከከተማው አስተዳደር የጉዳት ማረጋገጫ ይወሰድ። መድን ያለው ባለ ድርጅት ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ሳይዘገይ ማሳወቅ ይኖርበታል። መደበኛው የእሳትና የስርቆት ውል የጦርነት ጉዳትን እንደማይሸፍን አብዛኛው ሰው ያውቃል፤ ቢሆንም የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባለው ተጨማሪ ሽፋን ተገዝቶ ሊሆን ስለሚችል ፖሊሲው ከነአባሪዎቹ ይነበብ።

ሰነዱ ራሱ ጠፍቶ ከሆነ ነገሩ ያበቃለት አይደለም። የንግድ ምዝገባውና የፈቃዱ መረጃ ኢትሬድ በተባለው የኢንተርኔት የንግድ ምዝገባ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ከነበረ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተፈልጎ ይገኛል። የባንክ እንቅስቃሴ መግለጫ ከየትኛውም የባንኩ ቅርንጫፍ ሊጠየቅ ይችላል። የቀበሌ መታወቂያው የጠፋበት ሰው የፋይዳ ቁጥር ካለው በባንክም ሆነ በመሥሪያ ቤት ማንነቱን ለማስረዳት ይቀለዋል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት (የአፍሪካ ኅብረት የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ስምምነት) ለተፈናቀሉ ሰዎች የማንነትና መሰል አስፈላጊ ሰነዶችን የመስጠት ግዴታ በመንግሥት ላይ ስለሚጥል፣ «የመጣህበት ቀበሌ ሄደህ አምጣ» የሚል መልስ ሲሰጥ ይህንን ጠቅሶ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ደረጃ 2፦ ማሽኑን ከመጫን በፊት ፈቃዱን መያዝ

አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ስለ ፈቃድ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በባለቤቱ እጅ ያለ ማሽን ሁሉ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ በሊዝ ፋይናንስ የተወሰደ ማሽን ክፍያው እስኪጠናቀቅ ድረስ የባንኩ ንብረት ነው፤ ማሽን በኪራይ ግዢ ከሚያቀርበው ከዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅት የተወሰደውም እንደዚሁ የድርጅቱ ነው። ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሣት የውል ጥሰት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። በብድር ዋስትና የተያዘ ማሽን ወይም ዕቃ ካለም ለአበዳሪው ማሳወቅ ግድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ከቀረጥ ነፃ የገባው መሣሪያ ነው። በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ያለ ቀረጥ የገባ ዕቃ ከተፈቀደለት ፕሮጀክት ውጭ እንዳይውል ጉምሩክ ይቆጣጠራል፤ ስለዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ባሕር ዳር የሚዛወር እንዲህ ያለ ማሽን ከመነሣቱ በፊት ፈቃዱን ለሰጠው የኢንቨስትመንት መሥሪያ ቤትና ለጉምሩክ ማመልከት ያስፈልጋል። የጦር ግንባሩ ቀርቦ ጊዜ ካልተገኘ ቢያንስ ማመልከቻው በኢሜይል ወይም በሰው እጅ ይላክና ቅጂው ከጭነቱ ጋር ይጓዝ፤ ባሕር ዳር እንደተደረሰም በከተማዋ ባለው የጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ማሳወቅ ነው። አስቀድሞ የተጻፈ ማመልከቻ ያለውና የሌለው ሰው በኋላ በምርመራ ጊዜ በአንድ ዓይን አይታዩም።

ለመንገዱ ከመነሻው ወረዳ ወይም ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት የመሸኛ ደብዳቤ ይወሰድ፤ የንብረት ዝርዝሩ አባሪ ሆኖ ማኅተም ያረፈበት ቢሆን በየኬላው «ይህ ዕቃ የማን ነው» ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ይሆናል። ከወልድያ የሚነሣ ጭነት በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ ይገባል። ከዘንዘልማና ከዓባይ ማዶ አቅጣጫ ወደ መሐል ከተማው ለሚገባ ከባድ ጭነት በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከአሮጌው ይልቅ የተመቸ ነው።

ደረጃ 3፦ የሠራተኞች ጉዳይ

ድርጅት ሲዘጋ ሠራተኛውን በቃል አሰናብቶ መሄድ ከዓመት በኋላ በክስ የሚመለስ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ በሙሉ ወይም በከፊል ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ የሥራ ውልን ለጊዜው ማገድን ይፈቅዳል። አሠሪው ይህንን ምክንያቱ በተከሰተ በ3 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን ሊበልጥ አይችልም። በዚህ ጊዜ ውስጥ አብሮ የሚዛወረውና የማይዛወረው ሠራተኛ ይለይ፤ ለሚዛወረው አዲሱን የሥራ ቦታ የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጠው። የጡረታ መዋጮው (ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ) የተከፈለበት ማስረጃ በኋላ ላይ «ስንት ቋሚ ሠራተኛ ነበረህ» ለሚለው የድጋፍ ሰጪዎች ጥያቄ ከማንም ምስክር የተሻለ መልስ ነው።

ደረጃ 4፦ እንዴት መዛወር እንደሚሻል መወሰን

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ዋና መሥሪያ ቤቱን በነበረበት ትቶ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ መክፈት ነው። ሁለተኛው አድራሻን ሙሉ በሙሉ መለወጥና የግብር ፋይሉን ወደ ባሕር ዳር ማዛወር ነው። ሦስተኛው የነበረውን ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት መልሶ በአዲስ ስም ወይም በአዲስ ምዝገባ መጀመር ነው።

ብዙዎች ሦስተኛውን ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም ለአዲስ ጀማሪ ጉዳዩ ፈጥኖ የሚያልቅ ይመስላል፤ የቀድሞው ከተማ ጽሕፈት ቤትም ፋይል ለመላክ ይዘገያል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ግን ይህ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። አዲስ የተመዘገበ ድርጅት ለባንክ የሚያሳየው የኋላ ታሪክ የለውም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ኪሳራን እስከ 5 ዓመት ወደሚቀጥሉት ዓመታት የማሸጋገር መብትም የሚጠቅመው ኪሳራው የደረሰበት ግብር ከፋይ ሥራውን ሲቀጥልና መዝገቡ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው፤ በጦርነት የወደመው ሸቀጥ በሒሳብ መዝገብ ሳይገባ ፈቃዱ ከተመለሰ ይህ መብት አብሮ ይቀበራል። የጦርነት ተጎጂ ድርጅት መሆኑን የሚያስረዳውም ያው የቀድሞ ፋይል ነው።

መመለስ ይቻላል ብሎ ለሚያስብ ሰው ቅርንጫፍ መክፈት ይሻላል፤ የሚመለስበት ቦታ የሌለው ደግሞ አድራሻ ይለውጥ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በሁለቱም ሁኔታ ያው የቀድሞው ነው። በባሕር ዳር በሌላ ሰው ፈቃድ ተጠግቶ መሥራት፣ ማለትም የዘመድ ፈቃድና ደረሰኝ መጠቀም፣ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ሽያጩንም ታሪኩንም ለዘመድ አሳልፎ መስጠት ነው።

ደረጃ 5፦ የመሥሪያ ቦታ

መሬት በምደባም ሆነ በሊዝ ጨረታ ለማግኘት የፕሮጀክት ጥናት፣ የኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ የራስ መዋጮ ማስረጃና የቦርድ ውሳኔ ስለሚያስፈልግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ መሬት መጠየቅ ተገቢ ቢሆንም ሥራውን በኪራይ ቤት ወይም በሼድ መጀመር፣ የመሬቱን ጥያቄ ደግሞ ጎን ለጎን ማስኬድ ይመከራል። ጥቃቅንና አነስተኛ ተብለው ለተደራጁ ኢንተርፕራይዞች የሚሰጡ ሼዶችን የሚያውቀው የሥራና ሥልጠና መዋቅር ሲሆን ጥያቄው ከቀበሌው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይጀምራል፤ በመካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ አምራች ኢንዱስትሪ ደግሞ በቀጥታ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ኢንዱስትሪና ኢንቨስትመንት መምሪያ ይሂድ። ወደ ውጭ ለመላክ የሚያመርትና ትልቅ የማምረቻ ሼድ መከራየት የሚችል ድርጅት የባሕር ዳር ኢንዱስትሪ ፓርክን ማነጋገር ይችላል፤ ፓርኩን የሚያስተዳድረው ክልሉ ሳይሆን የፌዴራሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ስለሆነ ማመልከቻውም ለእርሱ ነው።

ቤት ከመከራየት በፊት ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ መጠየቅ ያለበት የመብራቱ ጉዳይ ነው። ቆጣሪው ባለ ሦስት ፌዝ ነው ወይ? በማን ስም ነው? ያልተከፈለ ዕዳ አለበት ወይ? በንብረት ዝርዝሩ ላይ የተጻፉትን ኪሎ ዋቶች ደምሮ የተፈቀደው ጭነት ይበቃ እንደሆነ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ትራንስፎርመሩ ካልቻለ የኃይል ማሳደጊያ ጥያቄው ራሱን የቻለ ረጅም ጉዳይ ይሆናል። ለእንጨትና ለብረታ ብረት ሥራ መሐል ከተማ ያለ የንግድ ቤት ከድምፅና ከመብራት የተነሣ አይመችም፤ የከተማዋ ዳርቻ ወይም እንደ መሸንቲ ያሉ አካባቢዎች የተሻሉ ናቸው።

ውሃ የሚበዛበት ሥራ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ቆዳ የሚያለፋ ወይም ክር የሚያቀልም፣ ከሐይቁ ዳር ቦታ ለማግኘት አይድከም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል፤ በእምቦጭ አረምና በከተማ ፍሳሽ የተነሣም በዳርቻው የሚደረግ ሥራ ሁሉ ዓይን ውስጥ የገባ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን ከቦታ ጥያቄው ጋር አብሮ ማቅረብ ይገባል፤ ቦታ ከተያዘ በኋላ ማሰብ ጉዳዩን ወደ መነሻው ይመልሰዋል።

የኪራይ ውሉ በሰነድ ማረጋገጫ የተረጋገጠ መሆን አለበት። አከራይ «ውሉ ላይ ግማሹን ብቻ እንጻፍ» ሲል ተፈናቅሎ የመጣ ሰው እምቢ ለማለት አቅም ያንሰዋል፤ ደላላውም ይገፋፋል። መታወቅ ያለበት ግን ያልተጻፈው ግማሽ በግብር ጊዜ በወጪነት እንደማይያዝና፣ ቤቱን ልቀቅ ቢባል ለተከፈለው ቀብድ ማስረጃ እንደማይኖር ነው።

ደረጃ 6፦ ምዝገባና ግብር

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ከቀድሞው ከተማ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ወረቀት) እና የፋይል ዝውውር ደብዳቤ ይጠየቃል፤ በኪራይ ውሉ መሠረት የአድራሻ ለውጥ ወይም የቅርንጫፍ ምዝገባ በባሕር ዳር ከተማ ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ወይም በኢትሬድ በኩል ይከናወናል፤ ከዚያ አዲሱን አድራሻ ይዞ ወደ ገቢዎች መምሪያ ይኬዳል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የአድራሻ ለውጥ በ30 ቀናት ውስጥ መነገር አለበት። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ያለው ሰው መሣሪያውን ነቅሎ በአዲሱ ሱቅ ከመሰካቱ በፊት ማሳወቅና አድራሻው በመሣሪያው ላይ እንዲለወጥ ማድረግ ይጠበቅበታል፤ በአሮጌ አድራሻ የተቆረጠ ደረሰኝ ለገዢውም ለሻጩም ጣጣ ነው።

የቀድሞው ጽሕፈት ቤት ከተዘጋ ወይም የግብር ዕዳ ስላለ ክሊራንሱ ካልተገኘስ? ዕዳው በክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ እንዲከፈል በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ የግብር ማስታወቂያ ጊዜው ሳያልፍ ደግሞ የማስታወቂያውን ቀን ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ቅጣት እንዲነሣ ማመልከት ነው፤ እርሱም ቢሆን የጉዳት ማረጋገጫው ሲያያዝ ክብደት ያገኛል። የንግድ ፈቃድ እድሳት በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት እንደሚከናወን ይታወቅ፤ በዝውውር ላይ ያለ ድርጅት ይህንን ጊዜ በቀላሉ ያሳልፈዋል።

ደረጃ 7፦ የድጋፍ ማመልከቻ

እዚህ ላይ የሌላ አገር ተሞክሮ ይጠቅማል። ዩክሬን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ድርጅቶችን ከውጊያ አካባቢ የማዛወሪያ ፕሮግራም ስትጀምር አንድ ባለ ድርጅት በኢንተርኔት አንድ ማመልከቻ ይሞላ ነበር፤ መንግሥትም ቦታ በመፈለግ፣ ጭነቱን በባቡር በማጓጓዝ፣ ለሠራተኞች ማረፊያ በማዘጋጀትና አዲስ ሠራተኛ በማፈላለግ ያግዘው ነበር። እንደ ሊቪቭና ዛካርፓትያ ያሉ የምዕራብ ክልሎች አስተዳደሮችም ተቀባይ ነበሩ። በእኛ ዘንድ እነዚህ ጉዳዮች በየመሥሪያ ቤቱ ስለተከፋፈሉ አንዱን ማመልከቻ ወደ ብዙ መከፋፈል የባለ ድርጅቱ ፈንታ ይሆናል። በአንድ ደብዳቤ ቦታም፣ ብድርም፣ የግብር እፎይታም የሚጠይቅ ሰው ከሁሉም ቢሮ «ይህ እኛን አይመለከትም» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ለአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ጥያቄ ይቅረብ፤ ለሌሎቹ ግልባጭ ይደረግ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ለምሳሌ፦

«ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ኢንዱስትሪና ኢንቨስትመንት መምሪያ፤ ባሕር ዳር። ጉዳዩ፦ በጦርነት ምክንያት ከወልድያ ለተዛወረ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት የማምረቻ ሼድ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው ድርጅታችን በወልድያ ከተማ ተመዝግቦ በብረታ ብረት ሥራ ተሰማርቶ 6 ቋሚ ሠራተኞችን ሲያስተዳድር የቆየ ሲሆን፣ በደረሰበት ጉዳት ሥራውን ለመቀጠል ባለመቻሉ በአባሪው የተዘረዘሩትን ማሽኖች ይዞ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ተዛውሯል። ማሽኖቹ በድምሩ 35 ኪሎ ዋት ኃይልና 150 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታ የሚያስፈልጋቸው ሲሆን፣ ቦታው በተሰጠን በ30 ቀናት ውስጥ ሥራ የምንጀምር መሆኑን እየገለጽን፣ በመምሪያው ሥር ካሉ ሼዶች አንዱ በኪራይ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን። ግልባጭ፦ ለሥራና ሥልጠና መምሪያ፤ ለንግድና ገበያ ልማት መምሪያ።»

የደብዳቤው ኃይል ያለው ካሬ ሜትሩ፣ ኪሎ ዋቱና ሥራ የሚጀመርበት ጊዜ ላይ ነው። ባለሙያው ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ሊወስንበት ይችላል። አባሪ የሚሆኑት የመሸኛው ደብዳቤ፣ የጉዳት ማረጋገጫው፣ የንብረት ዝርዝሩ፣ የንግድ ፈቃዱና የመጨረሻው ዓመት የግብር ደረሰኝ ናቸው። ለመዝገብ ቤት ሲሰጥ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በአንዱ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ይመለስ። ያለዚህ ቁጥር «ደብዳቤዬ የት ደረሰ» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ከተመሳሳይ አካባቢ የመጡ ብዙ ባለ ድርጅቶች ካሉ በንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቱ በኩል በጋራ ማቅረብ ይመረጣል፤ በተለይ የግብር ጉዳይ በተናጠል ሲጠየቅ ልመና ይመስላል፣ በጋራ ሲጠየቅ ግን የፖሊሲ ጥያቄ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ገንዘብ

የቀድሞ ብድር ያለበት ሰው አዲስ ብድር ከመጠየቁ በፊት የቀድሞው የመክፈያ ጊዜ እንዲሻሻልለት ለባንኩ በጽሑፍ ማመልከት አለበት፤ ዝም ብሎ የቆየ ብድር በተበላሸ ብድርነት ከተመዘገበ በሌሎች ባንኮችም ይታያል። አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ይባል በነበረውና ወደ ፀደይ ባንክ በተለወጠው ተቋም ሲቆጥቡና ሲበደሩ የነበሩ የጥቃቅንና አነስተኛ ባለቤቶች ታሪካቸው እዚያው ስላለ ከእርሱ ቢጀምሩ ይሻላል። ማሽን ለጠፋበት አምራች የልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ ከማሽኑ ዋጋ 20 በመቶውን ከተበዳሪው የሚጠይቅ ሲሆን ቀሪውን ባንኩ ይሸፍናል፤ የቤት ካርታ በዋስትና ለማይኖረው ሰው ይህ ከባድ ጥቅም ነው። የቤቱ ካርታ በማይደረስበት ከተማ ላለ ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ማለትም ማሽንንና ሸቀጥን፣ በዋስትና ማስያዝ ይቻላል። የባንክ ሠራተኛው ይህንን አማራጭ ራሱ ላያነሣው ስለሚችል ጠያቂው ያንሣው። በደረጃ 1 የተዘጋጀው ዝርዝር እዚህ የዋስትና ግምት መነሻ ይሆናል።

ደረጃ 9፦ መልስ ሲዘገይ ወይም እምቢ ሲባል

የቃል እምቢታ ለይግባኝ አይሆንም። «አይቻልም» የሚል ባለሙያ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ በትሕትና ይጠየቅ፤ ካልሰጠ በገቢ ቁጥሩ ተጠቅሶ ለኃላፊው፣ ቀጥሎም ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ይቀርባል። የአስተዳደር በደል ሲሆን የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል። የግብር ውሳኔ ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው፦ በታክስ አስተዳደር አዋጁ መሠረት ቅሬታው የውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰ በ21 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። ይህ ጊዜ ሽማግሌ እስኪላክና ኃላፊ ከስብሰባ እስኪመለስ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ማስታወቂያው የደረሰበት ቀን ከፖስታው ላይ ወዲያው ተጽፎ ይያዝ፣ ቅሬታውም አጭርም ቢሆን በቀኑ ይግባ፤ ተጨማሪ ማስረጃው ተከትሎ ሊቀርብ ይችላል።